ወንድሜ ማሊያ የቀየረበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ሬዲዮዋ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። የስፖርት ሰዓት ነው። ሁለት ጋዜጠኞች ስለ አንድ ወጣት ተጫዋች ይከራከራሉ። ልጁ ያሳደገውን ክለብ ትቶ ለዋነኛው ተቀናቃኝ ፈርሟል፤ የተከፈለውም ገንዘብ በአገራችን ኳስ ብዙ ያልተለመደ ነው አሉ። ደጋፊዎች እየደወሉ ብሶታቸውን ያሰማሉ። አንዱ ድምፁ እየተቆራረጠ ሊያለቅስ ደረሰ፤ ሌላው የልጁን ስም የያዘ ማሊያ ማቃጠሉን በኩራት ተናገረ። ሾፌሩ ጢም ገና ያላወጣ ወጣት ነው። መሪውን በመዳፉ መታ አደረገና፣

«ሆድ አደር!» አለ። ወዲያው እኔ ከኋላው መኖሬ ትዝ ሲለው በመስታወት አየኝ። «ይቅርታ ማዘር። እርስዎ መቼም ኳስ አይከታተሉም።»

«ድሮ እከታተል ነበር» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያቺን ስድብ በደንብ አውቃታለሁ። በወጣትነቴ በቤታችን የጭቃ ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፋ አግኝቻታለሁ፤ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጌ ያጠፋኋትም እኔ ነኝ።

ወንድሜ ቦንሳ ይባላል፤ ከእኔ ጥቂት ያንሳል። ያደግነው እዚሁ አዳማ ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ናዝሬት በሚላት ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር። አባታችን የአርሲ ደራ ሰው ነው። በጎልማሳነቱ ከአርሲ እህል በጭነት መኪና ሲያመላልስ ከተማዋን ለመዳትና እዚሁ ቀረ። እናታችን ደግሞ ወላጆቿ ከመንዝ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። አባባ ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ እማዬ ስትቆጣ በአማርኛ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ከሁለቱም መሸሽን ተምረናል።

አባባ በዚያን ጊዜ የከተማችን ክለብ የአዋሽ ፍሬ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አረንጓዴና ነጭ የተቀባች፣ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ የምታቃስት አሮጌ አውቶቡስ ናት። ሁለተኛው ማርሽ የሚገባላት በአባባ እጅ ብቻ ነው ይባል ነበር። ቡድኑ አሸንፎ ሲመለስ ከሞጆ በኩል ጀምሮ ጥሩምባዋን እየነፋ ይገባል፤ የጋሪ ፈረሶች ይደነብራሉ፤ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ተሸንፎ ሲመለስ ደግሞ በጸጥታ ገብቶ መብራቱን አጥፍቶ ያቆማታል። ውጤቱን ለማወቅ እኛ ሬዲዮ አንከፍትም ነበር፤ ጆሯችንን ወደ መንገዱ እንጥላለን እንጂ።

ቦንሳ ለዚሁ ክለብ ከታዳጊዎቹ ቡድን ጀምሮ ተጫውቷል። የግራ ክንፍ ነው። እንደ እሱ ያለ አልነበረም የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ የዚያን ዘመን ሰው ጠይቁ፣ ይነግራችኋል። የእኛ ከተማ ከሰዓት በኋላ ንፋሷ ይነሳል፤ ከፍ ብላ የተመታች ኳስ ወዴት እንደምትሄድ መቺውም አያውቅም። ቦንሳ ግን ኳሷን ከመሬት አያነሳትም። ትከሻውን ወደ ውስጥ ጣል ያደርግና ተከላካዩ ሲከተለው በመስመሩ በኩል ጥሎት ይበራል። ሜዳው አቧራ ስለነበረ ሲሮጥ ከኋላው ጭስ የመሰለ ነገር ይነሳ ነበር። ሰው በዚያ አቧራ ውስጥ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ያስነጥሳል፣ እንደገና ያጨበጭባል።

ተቀናቃኛችን የዝዋዩ ደምበል ኮከብ ነው። ዛሬ ባቱ የምንላትን ከተማ ያን ጊዜ ዝዋይ ነበር የምንላት። ጠቡ መቼና በምን እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ብቻ የእነሱ ደጋፊዎች ወደ እኛ ሲመጡ ቲማቲም በሣጥን ይዘው ይመጣሉ፤ ሊሸጡ እንዳይመስላችሁ። የእኛዎቹም እዚያ ሲሄዱ በባዶ እጃቸው አይሄዱም። ሁለቱ ቡድኖች በሚጋጠሙበት ሳምንት የዝዋይ ሽንኩርት የማይገዙ ሴቶች በሰፈራችን ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ከተማ፣ ከዚህ ቤት፣ የአውቶቡሱ ሾፌር ልጅ ወደዚያ ሊሄድ ነው።

መስከረም ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት እየተጠበሰ፣ ከተማው ሁሉ የእሸት ጢስ ይሸት ነበር። ራት እየበላን ሳለ ቦንሳ እጁን ከትሪው መልሶ፣

«አባባ፣ ኮከቦች ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ» አለ።

አባባ የያዘውን ጉርሻ አልጣለውም፤ ግን ወደ አፉም አልወሰደውም። «ክለብህስ?»

«ክለቡ ተስማምቷል። ለእሱም ጥሩ ይከፍሉታል። ውሳኔው ያንተ ነው ብለውኛል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ለምን?»

«ገንዘቡ ብዙ ነው፣ አባባ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሁለተኛ ላይመጣልኝ ይችላል። ደግሞ ዘንድሮ ጥሩ ቡድን ነው ያላቸው፤ ዋንጫ ማንሳት እፈልጋለሁ።»

እማዬ አንዴ እሱን አንዴ አባባን አየች። አባባ ጉርሻውን በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እጁን ታጥቦ ተነሣ። «ሂድም ቅርም አልልህም» አለ። «እግሩ ያንተ ነው።» ከዚያ ወጣና ደጃፍ ላይ ብዙ ቆመ። በተራራው በኩል ነፋሱ ይመጣ ነበር፤ ነጠላ ጫማውን ሳያደርግ መውጣቱን ያየሁት በኋላ ነው።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የገንዘቡ መጠን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ በየሰፈሩ ያድጋል። ጠዋት በባቡር ጣቢያ የተባለው ማታ በአራዳ በእጥፍ ይሰማል። አንዳንዱ መኪና ተሰጥቶታል ይላል፤ ሌላው ሐይቅ ዳር ቪላ። እኔ ደግሞ አንድ ዳቦ ቤት ሻጭ ነበርኩ። የዳቦው ምድጃ ሲከፈት የሚመጣው ትኩስ ሽታ ከበር አልፎ መንገዱን ስለሚሞላ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አይጠፋም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሰልፉ ከባልደረባዬ ፊት ብቻ ሆነ። እኔ ባዶ መስኮት ፊት ቆሜያለሁ፤ እሷ ፊት ሰው ተደርድሯል። አንድ የሰፈራችን ጎልማሳ እንዲያውም ዳቦውን ላቀብለው ስዘረጋ፣ «ከአንቺ እጅ አልወስድም» ብሎ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። ያ ሰው ታህሣሥ ገብርኤል ከቤታችን ሳይበላ የማይውል ሰው ነበር።

በዚሁ መሃል ጋሽ መኮንን ወደ ቤታችን መጡ። የአዋሽ ፍሬ ደጋፊዎች መሪ ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፃቸው የጎረነነ፣ በጨዋታ ቀን ከበሮ ሳይዙ የማይታዩ ሰው። ከአባባ ጋር የዕድሜ ልክ ጓደኛሞች ናቸው። ቦንሳን ከልጅነቱ ጀምሮ በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ተቀምጠው ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣

«እኔ ይህን ልጅ ሰው እንዲሰድብብኝ አልፈልግም» አሉ። «አንድ ነገር አስቤያለሁ። እናቱ ታማለች ይበል። ለሕክምና ውጭ አገር መሄድ አለባት፣ አማራጭ የለኝም ይበል። ይህን ካለ ሕዝቡ አልቅሶ ይሸኘዋል። እኔው ራሴ ከበሮ እየመታሁ እሸኘዋለሁ።»

እማዬ ጓዳ ሆና ሰምታለች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደለበሰ ብቅ አለች።

«እኔን ነው እንዴ የምታሳምሙኝ? ምን ይሁን ብላችሁ ነው የመረጣችሁልኝ፣ ልብ ነው ወይስ ኩላሊት?»

ጋሽ መኮንን እንኳ ፈገግ አሉ። ቦንሳ ግን አልሳቀም። ቀና አለና፣

«ጋሼ፣ ስለ እኔ ብለው ያሰቡትን አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ግን እናቴ ጤነኛ ናት። እኔ የምሄደው ገንዘቡን ፈልጌ ነው። ይህን ሰዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ሌላ ነገር ብነግራቸው በየመንገዱ ሳያቸው ማፈር እጀምራለሁ።»

«አሁንስ አታፍርም?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«አዝናለሁ። አላፍርም።»

ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። አባባ እስከ አጥሩ በር ሸኝቷቸው ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ጮኾ አያውቅም፤ ያን ጊዜም አልጮኸም። «እውነት መናገር ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለው። «ግን የዚህ እውነት ዋጋ የሚከፈለው በአንተ ብቻ አይደለም። እህትህ ዳቦ ቤት ትቆማለች። እናትህ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እኔ እዚያች አውቶቡስ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እሺ» አለ አባባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለብዙ ወራት ሁለቱ አልተነጋገሩም።

አሁን ሳስበው ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያኔ ግን በሁለቱም ተናድጄ ነበር። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ ማንንም የማትጎዳ፣ እማዬን ለአንድ ወር አልጋ ላይ የምታስተኛ ውሸት ስንት ነገር ታድንልን ነበር እያልኩ ባዶው መስኮት ፊት ቆሜ አስብ ነበር።

ቦንሳ ከመሄዱ በፊት ያደረገውን ነገር ግን አይቻለሁ። ክለቡ ልምምድ በሚያደርግበት ሜዳ ደጋፊው ከአጥሩ ውጭ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። ዕቃውን ከመልበሻ ክፍል ለመውሰድ ሄዶ ነው፤ በጓሮ በር መውጣት ይችል ነበር፤ ዘበኛውም እንዲያ አድርግ ብሎታል። እሱ ቦርሳውን በትከሻው አድርጎ በዋናው በር ወጣ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜያለሁ። ጩኸቱ ጋብ እስኪል ጠበቀ።

«ማንም አላስገደደኝም» አላቸው። «ኮከቦች ብዙ ገንዘብ ሰጡኝ፤ እኔም ፈለግሁት። ኳስ ያስተማረኝ ይህ ሜዳ ነው፤ ይህን አልረሳም። ዋሽቼያችሁ በጭብጨባ ከምሄድ እውነቱን ነግሬያችሁ ተሰድቤ ብሄድ ይሻለኛል።»

ተሰደበም። የብርቱካን ልጣጭ ወረወሩበት። አንዱ ልጣጭ ትከሻው ላይ ቀረ፤ እሱም አላራገፈውም። በመሃላቸው ቀስ ብሎ እየተራመደ አለፈ። ማንም ግን አልነካውም። ለምን እንዳልነኩት ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ይመስለኛል፣ የሚዋሽ ሰው ለመምታት ተዘጋጅተው ነው የመጡት፤ የማይዋሽ ሲያገኙ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። ያችን በከሰል የተጻፈች ስድብ ግድግዳችን ላይ ያገኘኋት በማግስቱ ነው።

ወደ ዝዋይ የሸኘሁት እኔ ነኝ። እማዬ «ብቻውን አይሄድም» ብላ ነው። በሚኒባስ ሄድን። ክረምቱ ያጠገባቸው ሜዳዎች አረንጓዴ ነበሩ፤ በየጉድጓዱ የቀረው ውሃ ሰማዩን ይዟል። ቆቃ ላይ ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መኪና ያስቆማሉ። መቂ ስንደርስ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። ከዚያ በኋላ ግራሮቹ ይጀምራሉ፤ ጥላቸው ሰፊ፣ ግንዳቸው ቀጭን። ቦንሳ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ውጭውን ያይ ነበር።

«ሂሩት» አለኝ ድንገት፣ «አንቺም ሆድ አደር ነው ትያለሽ?»

«ሆድህ ቢበልጥብህማ የእማዬን ሽሮ ትተህ አትሄድም ነበር» አልኩት። ሳቀ። ከሳምንታት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያም እውነቱን ነገርኩት። «ተናድጄብሃለሁ። ግን አላፍርብህም።»

እጄን ይዞ እስከ ዝዋይ አልለቀቀኝም።

እዚያ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጡረታ እንደወጡ ዳኞች እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አንድ የክለቡ ሰው መጥቶ ወሰደው፤ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አባባ በር ላይ ነበር። «ገባ?» አለኝ። «ገባ» አልኩት። «ክፍሉ መስኮት አለው?» አለኝ። አለው አልኩት። ሌላ አልጠየቀም።

ሁለቱ ክለቦች የተገናኙት ጥር ላይ፣ እዚሁ በእኛ ሜዳ ነው። ጥር የንፋስ ወር ነው፤ ያን ዕለትም አቧራው ከጠዋት ጀምሮ ተነሥቶ ነበር። ሰው በግንብ ላይ፣ በዛፍ ላይ፣ በቆመ መኪና ጣሪያ ላይ ሞልቷል። ቦንሳ የኮከብን ማሊያ ለብሶ ሲገባ የተነሣው ፉጨት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ኳስ በነካ ቁጥር ያፏጫሉ። ሲወድቅ ያጨበጭባሉ። እኔ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ ከሴቶች መሃል ተቀምጬ ነበር። አባባ እንደ ወትሮው የክለቡን አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ በተጠባባቂዎች ወንበር ጫፍ ላይ ነው።

እኛ አስቀድመን አገባን። እነሱም አቻ አደረጉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቦንሳ በግራ መስመር ኳስ ደረሰው። ትከሻውን ወደ ውስጥ ጣል አደረገ። ተከላካያችን ይህን ተንኮል አሳምሮ ስለሚያውቀው በመስመሩ በኩል ሊዘጋው ዞረ። ቦንሳ በዚህ ጊዜ እንደ ልማዱ አልሸሸም፤ እውነትም ወደ ውስጥ ገባና በማይታመነው በቀኝ እግሩ መታት። በረኛው ወደ ሌላው ጥግ ወድቆ ነበር።

ሜዳው ጸጥ አለ። ቦንሳ አልሮጠም፣ እጁንም አላነሣም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ኳሷ መረቡ ውስጥ ስትንከባለል አየና ጓደኞቹ እስኪያቅፉት ባለበት ቆመ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ጧ፣ ጧ። ዞሬ ሳይ አባባ ነው። ከወንበሩ ተነሥቷል። አረንጓዴ ጃኬቱን ለብሶ። ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለውና ተቀምጦ እጆቹን ከጭኖቹ በታች ደበቀ።

ጨዋታው እንዳለቀ ሕዝቡ ወደ ዋናው በር ጎረፈ። የኮከቦች አውቶቡስ ጎማዎች በስለት ተተርትረው መሬት ነክተዋል። ተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተዘጉ። ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ፖሊሶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የክለባችን ኃላፊዎች እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ስልክ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ወደ አባባ ሄድኩ። እሱ ማንንም አልጠየቀም። አውቶቡሷን አስነሥቶ ወደ ኋላ እየነዳ መልበሻው በር ላይ አስጠጋት።

አንድ ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «አቶ ደቻሳ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይህ የእኛ አውቶቡስ ነው!»

«ለዚህ ነው» አለ አባባ። «የራሳቸውን አውቶቡስ በድንጋይ አይመቱም።»

የኮከብ ተጫዋቾች አንድ በአንድ አጎንብሰው ገቡ፤ መጋረጃውን ጋርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቦንሳ መጨረሻ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ አባቱን አየ። ከመስከረም ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። ወደ ኋላ ሊያልፍ ሲል አባባ ከጎኑ ያለውን የፊት ወንበር በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» አለው በኦሮምኛ። «ና፣ ልጄ። እዚህ ተቀመጥ።»

«አባባ፣ ያዩኛል እኮ!»

«ይዩህ።»

እኔንም እንድገባ በአገጩ ጠቆመኝ፤ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። የሜዳው ዋና በር ተከፈተ። ሕዝቡ አረንጓዴና ነጯን አውቶቡስ ሲያይ «አዋሽ! አዋሽ!» እያለ መጨፈር ጀመረ፤ የእኛ ልጆች የወጡ መስሎታል። ጥቂት እንደሄድን ግን ከፊት ያሉት በመስታወቱ ውስጥ ቦንሳን አዩት። ጭፈራው ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። መንገዱ ተዘጋ። አንድ ወጣት ድንጋይ የያዘ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንደዚያው ቀረ።

አባባ ሞተሩን አጠፋው።  የጎኑን መስኮት ከፍቶ አንገቱን አወጣና፣

«ይህች አውቶቡስ የእናንተ ናት» አለ። «ልጁ ደግሞ የእኔ ነው። ነጠቀን የምትሉት ነገር ካለ እኔን ጠይቁኝ፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ነኝ። ዛሬ ግን እነዚህን ልጆች ወደ እናቶቻቸው አደርሳለሁ።»

ከሕዝቡ መሃል ጋሽ መኮንን ብቅ አሉ። ከበሯቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አባባን አዩት፣ ቦንሳንም አዩት። ከዚያ ጀርባቸውን ለአውቶቡሷ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩና በዚያ በጎረነነ ድምፃቸው፣

«መንገድ ልቀቁ!» አሉ። «ጨዋታው አልቋል። በኳስ ነው የተሸነፍነው፤ በድንጋይ አናሸንፍም። ልቀቁ!»

ያ ድንጋይ የያዘ ልጅ መጀመሪያ ገለል አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጋሽ መኮንን ከፊታችን እየሄዱ፣ እጃቸውን ዘርግተው መንገድ እየከፈቱ እስከ አስፋልቱ አደረሱን።

ወደ ሞጆ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ከከተማው ከወጣን በኋላ አባባ ዳር ይዞ አቆመ።  ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ፤ የቀረውን ፊቱ ላይ ደፋውና እንደገና አስነሣት። ቆቃ ድልድይ ደረስን። ፀሐይዋ ወደ ታች ወርዳ ውሃው ቀልቶ ነበር። ያኔ አባባ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣

«በግራህ መምታት ስትችል ለምን በቀኝህ መታህ?» አለ።

ቦንሳ ወደ አባባ ዞረ።  «በረኛው ያውቀኛል፣ አባባ። አብረን አይደል ያደግነው? በግራዬ እንደምመታ እርግጠኛ ነበር።»

«እኔም እርግጠኛ ነበርኩ» አለ አባባ። «አታለልከን።» ከዚያ ሳቀ። ከኋላ መሬት ላይ የተቀመጡት የኮከብ ልጆች ምን እንዳሳቀው ሳያውቁ አብረው ሳቁ። እስከ መቂ ድረስ አባትና ልጅ ስለዚያች ጎል ብቻ ያወሩ ነበር፤ ስለ ዝውውሩ አንድም ቃል አልተነሣም፤ ከዚያም በኋላ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

በማግስቱ አባባን የክለቡ ጽሕፈት ቤት ጠራው። ሊያባርሩት የፈለጉ ነበሩ። ጋሽ መኮንን ሳይጠሩ ገብተው፣ «አንድ ልጅ ቢጎዳ ኖሮ ሜዳችን ይዘጋ ነበር፤ ይህ ሰው ነው ያዳናችሁ» ብለው ተከራከሩ አሉ። ለጥቂት ጊዜ ከሥራ አገዱት። ሁለተኛው ማርሽ ለተተኪው ሾፌር አልገባ ብሎ ቡድኑ መንገድ ላይ ሲቀር መልሰው ጠሩት። ጡረታ እስኪወጣ እዚያችው ላይ ነበር። የዳቦ ቤቱም ሰልፍ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ሰው ለሁልጊዜ መቆጣት አይችልም፣ ትኩስ ዳቦ ደግሞ ይርበዋል።

ቦንሳ ዝዋይ ዋንጫ አነሣ። ብዙዎች የተነበዩለትን ያህል ግን ሩቅ አልሄደም፤ ሠላሳ ሳይሞላው ጉልበቱ ከዳው። በዚያ ገንዘብ የእማዬ ቤት በብሎኬት ተሠራ፤ ለራሱም ሐይቁ አካባቢ መሬት ይዞ ሽንኩርትና ፓፓያ ማልማት ጀመረ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ልጆች ወልዷል፤ ጠዋት ጠዋት እያነከሰ የውሃ ሞተሩን ያስነሣል። ያን ገንዘብ በመውሰዱ ሲጸጸት ሰምቼው አላውቅም፤ ሲኩራራበትም እንዲሁ።

አባባ ከማረፉ በፊት አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጠየቅሁት። «አባባ፣ ያን ዕለት አውቶቡሷን ያወጣሃት ቦንሳ ስለነበረ ነው?»

 «አይደለም» አለኝ። «እሱ ባይኖርም አወጣት ነበር። የሰው ልጆች ናቸው። ከፊት ያስቀመጥኩት ግን ልጄ ስለሆነ ነው።»

ባጃጇ ሰፈራችን ስትደርስ ሬዲዮው ላይ አሁንም እየተከራከሩ ነበር። ለሾፌሩ ከፍዬ ስወርድ ይህን ሁሉ ልነግረው አሰብኩ፤ ግን ከኋላው ሌላ ባጃጅ ያጣድፈው ነበርና ተውኩት። ክለብ መውደድን የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ያ ማሊያውን ያቃጠለው ደጋፊም ከልቡ እንዳዘነ ይገባኛል። ሰው የወደደው ነገር ሲሄድበት ምን ያድርግ? እኔ ግን ዕቃዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤት ስሄድ የማስበው ያን የማላውቀውን ተጫዋች ልጅ ነበር። የፈረመው ልክ ይሁን ስህተት መፍረድ አልቻልኩም። ብቻ ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ተናግሮ እንዲሆን ተመኘሁለት፤ ዛሬ ወደ ቤቱ ሲገባም ምንም ሳይጠይቅ በር የሚከፍትለት ሰው እንዲያገኝ።